የውሻ ምግብ አመራረጥ፦ ከከረጢቱ ጀርባ እስከ ወጥ ድስቱ

ግቢ ጠባቂ ውሻ ባለቤቱ ሲጾም ይጾማል፣ ሲፈስክ ይፈስካል። የሁዳዴን 55 ቀን ሽሮ በነካ እንጀራ ይከርምና የፋሲካ ለት የዶሮ አጥንት፣ ጮማና ቅቤ የጠጣ ወጥ በአንድ ጊዜ ይደፋለታል። በማግስቱ ሲያስመልሰውና ሆዱን ሰብስቦ ጀርባውን አጉብጦ ሲቆም «ጠግቦ ነው» ይባላል። ጥጋብ ላይሆን ይችላል። ቅባት ያልለመደ ሆድ ድንገት በስብ ሲጥለቀለቅ ቆሽት ይቆጣል፤ ይህ ደግሞ ውሻ የሚገድል ሕመም ነው።

የውሻ ምግብ ሲነሣ ሰው ወዲያው «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ይላል። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ተራው ግን ገና ነው። ውሻው ስንት ኪሎ ነው? በቀን ስንት ካሎሪ ይበቃዋል? ከቤቱ ድስት ምን ይደርሰዋል? እነዚህ ይቀድማሉ።

መጀመሪያ ውሻው ይመዘን

የሰው ሚዛን ላይ ውሻውን ታቅፈው ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን ይውጡ፤ ልዩነቱ የውሻው ክብደት ነው። ታቅፈው የማያነሡት ከሆነ እንስሳት ክሊኒክ ሲሄድ ያስመዝኑት። በግምት «ሠላሳ ኪሎ ይሆናል» ከሚባሉት ውሾች ብዙዎቹ ሠላሳ አይሞሉም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ በዚያው ይሳሳታል።

ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ በእጅ መዳሰስም ያስፈልጋል። እጅዎን ጨብጠው በሌላው እጅ ጣቶች የጭብጥዎን አናት ጉብታዎች ይዳስሱ፤ የውሻው ጎድን እንደዚያ ከቆረቆረ ከስቷል። አሁን ጭብጡን ፈተው የመዳፍዎን ጀርባ ይዳስሱ፤ አጥንቱ በስሱ ቆዳ ሥር በቀላሉ ይገኛል። የውሻው ጎድን መሆን ያለበት እንዲህ ነው። ጎድኑን ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ወፍሯል። ከላይ ሲታይ ከጎድኑ በኋላ ወገቡ ጠበብ፣ ከጎን ሲታይ ሆዱ ወደ ኋላ እግሩ ከፍ ማለት አለበት። ጸጉራም ውሻ ዓይን ያታልላልና እዚህ ላይ እጅዎን ይመኑ።

ቀጥሎ የቀን ካሎሪው። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። የኪሎውን ቁጥር ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ያባዙ፣ የካሬ ሥር ምልክቱን ሁለት ጊዜ ይጫኑ፣ የወጣውን በ70 ያባዙ። ለ20 ኪሎ ውሻ፦ 20 × 20 × 20 = 8000፤ የካሬ ሥሩ 89.4፣ የዚያም 9.46፤ በ70 ሲባዛ 662 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ይህ ተኝቶ ለመዋል ብቻ የሚያስፈልገው ነው። የተኮላሸ አዋቂ ውሻ ከሆነ በ1.6፣ ያልተኮላሸ ከሆነ በ1.8፣ ቀኑን ታስሮ የሚውልና የማይንቀሳቀስ ከሆነ ከ1.2 እስከ 1.4 ያባዙ። እስከ 4 ወር ያለ ቡችላ በ3፣ ከዚያ እስኪያድግ በ2። የተኮላሸው የ20 ኪሎ ውሻችን እንግዲህ 1060 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። ቁጥሩ መነሻ ነው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት መግበው ጎድኑን እንደገና ይዳስሱና 10 በመቶ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ።

ከረጢቱን ገልብጠው ያንብቡ

የከረጢቱ ፊት ማስታወቂያ ነው። ተኩላው፣ የሚያምረው ሥጋ፣ «ፕሪሚየም» እና «ናቹራል» የሚሉት ቃላት ውሻውን አያጠግቡም። ሕጉ የሚናገረው ከጀርባው ባሉት ትንንሽ ፊደሎች ነው።

እዚያ መጀመሪያ የሚፈለገው ቃል «ኮምፕሊት» ነው፤ የተሟላ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም ሳይጨመር ውሻውን ሊያኖር የሚችል። በአውሮፓ ምርት ላይ ይህን ቃል በጣም የሚመስል «ኮምፕሊመንታሪ» የሚል አለ፤ ትርጉሙ ተጨማሪ ነው፣ ብቻውን አይበቃም። አብዛኛው ማባበያ ብስኩትና አንዳንድ የቆርቆሮ ሥጋ ከዚህ ወገን ነው። ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት ከመካከላቸው ጀምሮ ስለሆነ በጥድፊያ ያነበበ ይሳሳታል፤ ቃሉን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። የአሜሪካ ምርት ከሆነ ደግሞ «አፍኮ» የሚለውን ስም የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ። አፍኮ የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ነው፤ የንጥረ ነገር ልክ ያወጣል እንጂ ምግብ አይመረምርም፣ አያጸድቅምም። ስለዚህ «በአፍኮ የጸደቀ» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ወይ አላወቀም ወይ እያታለለዎ ነው።

እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የዕድሜ ክልሉ ተጽፏል፦ ለአዋቂ፣ ለእድገት፣ ወይም ለሁሉም ዕድሜ። ለአዋቂ የተሠራ ምግብ ለቡችላ አይሆንም። በአፍኮ ልክ የአዋቂ ዝቅተኛው ፕሮቲን 18 በመቶ፣ የቡችላና የእርጉዝ ደግሞ 22.5 በመቶ ነው፤ ሁለቱም እርጥበቱ ተወግዶ በደረቁ ሲሰላ።

ይህ «በደረቁ» የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያሞኛል። የቆርቆሮው ምግብ 8 በመቶ ፕሮቲን፣ የከረጢቱ 24 በመቶ ይላል። ከረጢቱ ሦስት እጥፍ ይመስላል። ነገር ግን ቆርቆሮው ውስጥ 78 በመቶው ውኃ ነው፤ የቀረው 22 ብቻ ነው። 8ን ለ22 ሲያካፍሉ 36 በመቶ ያህል ይመጣል። ከረጢቱ 10 በመቶ እርጥበት ስላለው 24 ለ90፣ ማለትም 27 በመቶ ያህል ነው።

ቀጥሎ ካሎሪው። ደረቅ ምግብ በአብዛኛው በኪሎ ከ3300 እስከ 4000 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። 3600 የሚል ከሆነ ለ20 ኪሎው ውሻ 1060ን ለ3600 አካፍለው በ1000 ያባዙ፤ 294 ግራም፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ። በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት። «አንድ ጣሳ» የሚባለው ልኬት እንደ ጣሳውና እንደ ፍሬው መጠን ይለያያል። ካሎሪው ካልተጻፈ ራስዎ ማስላት ይችላሉ፦ ከ100 ላይ ፕሮቲን፣ ስብ፣ ቃጫ፣ አመድና እርጥበት ይቀንሱ፤ የቀረው ስታርች ነው። ፕሮቲኑንና ስታርቹን በ3.5፣ ስቡን በ8.5 አባዝተው ይደምሩ። ፕሮቲን 24፣ ስብ 12፣ ቃጫ 4፣ አመድ 8፣ እርጥበት 10 ከሆነ ስታርቹ 42 ይቀራል፤ ድምሩ በ100 ግራም 333፣ በኪሎ 3330 ይሆናል። ዋጋ ሲያወዳድሩም የከረጢቱን ሳይሆን የቀኑን ወጪ ያወዳድሩ፤ ካሎሪው ዝቅ ያለ ርካሽ ምግብ በብዛት ስለሚሰጥ አንዳንዴ ከውዱ ይወደዳል።

የይዘት ዝርዝሩ ከነእርጥበቱ በክብደት ቅደም ተከተል ይጻፋል። ጥሬ ዶሮ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ውኃው ስለሚከብድ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ስሙ ራሱ ልክ አለው፦ «የበሬ ሥጋ ለውሻ» የሚል ውኃው ሳይቆጠር 95 በመቶ ሥጋ፣ «የበሬ ሥጋ ዲነር» የሚል 25 በመቶ፣ «ከበሬ ሥጋ ጋር» የሚል 3 በመቶ ብቻ ይበቃዋል። «ጣዕም» የሚል ደግሞ ጣዕሙ ከተገኘ በቂ ነው።

የፕሮቲን ቁጥሩም በራሱ ማስተማመኛ አይሆንም። ላቦራቶሪ በተለመደው መንገድ ፕሮቲን ሲለካ የሚለካው ናይትሮጅንን ነው። በ2007 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን አሜሪካ ብዙ ውሾችና ድመቶች በኩላሊት መድከም የሞቱት ከቻይና የመጣ የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ሜላሚን ተቀላቅሎ ስለነበር ነው፤ ሜላሚን ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ልኬቱን ከፍ ያደርገዋል። ጫማም ቢፈጭ «ፕሮቲን» ይላል። ስለዚህ አምራቹን መጠየቅ ያስፈልጋል። በኢሜይል እነዚህን ይጻፉላቸው፦ ቀመሩን የሚያወጣው በእንስሳት ሥነ ምግብ የሠለጠነ ባለሙያ ነው? የራሳችሁ ፋብሪካ አላችሁ? እያንዳንዱን ባች (በአንድ ዙር የተመረተውን) ለአፍላቶክሲንና (የሻጋታ መርዝ) ለሳልሞኔላ (ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ) ትመረምራላችሁ? በ1000 ኪሎ ካሎሪ ስንት ካልሲየም አለው? በቁጥር የመለሰ አንድ ነጥብ ያገኛል። «ምርታችን እጅግ ጥራት ያለው ነው» ብሎ የመለሰ ምንም አልመለሰም።

ሱቁና መጋዘኑ

ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጥ ደረቅ ምግብ ርካሽ ነው። ግን የባች ቁጥር፣ የማብቂያ ቀንና የአምራች ስም የለውም፤ ችግር ቢመጣ ማን ምን እንደሸጠ አይታወቅም። ትልቁ ስጋት ሻጋታ ነው። በቆሎና ለውዝ ላይ የሚያድገው ሻጋታ የሚያመነጨውን አፍላቶክሲን ማብሰል አያጠፋውም፤ ዓይንም አያየውም። የአሜሪካ ወሰን በኪሎ 20 ማይክሮግራም ነው። በታኅሣሥ 2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እዚያው አሜሪካ የተበከለ በቆሎ የገባበት የውሻ ምግብ ከገበያ ተሰብስቦ ከ110 በላይ ውሾች መሞታቸው ለመድኃኒትና ምግብ ተቆጣጣሪው ለኤፍዲኤ ሪፖርት ተደርጓል። ቁጥጥር ባለበት አገር ይህ ከሆነ ክፍት ጆንያ ላይ መተማመን አያስኬድም። ለከብት የተሠራ ፉርሽካና የተበላሸ በቆሎ «ለውሻ ይሆናል» ተብሎ መሰጠቱም ያው ስጋት ነው፤ ውሻ ለአፍላቶክሲን ከከብት ይልቅ ደካማ ነው። ድዱና ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ እምቢ ካለና ሽንቱ ከጠቆረ ምግቡን አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሮጡ።

ቤት ሲደርስ ምግቡን ከከረጢቱ አያውጡ። ከረጢቱን እንዳለ አፉን ጠቅልለው ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ባች ቁጥሩም አይጠፋም፣ ከባልዲው ጋር የሚጣበቅ አሮጌ ዘይትም አዲሱን ምግብ አያበላሽም። ከ27 ዲግሪ በታች፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ሙቀት ርቆ። ከተከፈተ 6 ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ መጠን ይግዙ።

ወጥ ድስቱ

እውነቱን ለመናገር ብዙ የከተማ ውሻ የሚጎዳው በመጥፎ ብራንድ ሳይሆን በጥሩ ወጥ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል፤ መቁላላቱም መርዙን አያጠፋውም። በኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል። ለ10 ኪሎ ውሻ ይህ ከ150 እስከ 300 ግራም ነው፤ ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ ለሚያውቅ ሰው ሒሳቡ ግልጽ ነው። ትንሽ ትንሹም በየቀኑ ሲሰጥ ይጠራቀማል። ምልክቱ ወዲያው አይመጣም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ የሻይ ቀለም ይይዛል። ያን ጊዜ ወጡ ተረስቷል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የውሻው ድርሻ ሥጋው ቁሌቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተነሥቶ ያለ ጨውና ያለ ቅመም በውኃ ብቻ ይቀቀል።

የተቀቀለ አጥንት ሲሰበር ስለት ይሆናል፤ የዶሮ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። የጠጣር አጥንት ፍርካሽም አንጀት ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል። በበዓል ማግስት የሚያምጥ ግን የማይወጣለት ውሻ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የሥጋ ቤት ሳንባና ጉበት ለብቻው ይነገር፤ ጉዳዩ ከውሻው አልፎ ልጆችን ይነካል። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል። ውሻው ያን ጥሬውን ሲበላ ኤኪኖኮከስ የሚባል ትንሽ ጠፍጣፋ ትል አንጀቱ ውስጥ ያድራል። ውሻው አይታመምም። እንቁላሉ ግን በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ወደ ሰው አፍ ይገባል፤ ሰው ጉበቱና ሳንባው ላይ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ከረጢት ያበቅላል። ስለዚህ የሆድ ዕቃ በትንሹ ተቆራርጦ ውኃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀቀል። ከረጢት የታየበት ሳንባ አይጣል፤ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። ጥሬ የበላ ውሻ በፕራዚኳንቴል ይታከም፤ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቱ ይወስናል። ትሉ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከ6 ሳምንት በኋላ ገደማ በመሆኑ ስጋቱ ባለበት አካባቢ መድኃኒቱ በየ6 ሳምንቱ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የተቀቀለ ጉበትም ቢሆን ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ለ20 ኪሎ ውሻ በሳምንት 100 ግራም ገደማ ይብቃው።

የቡና አተላ ደጅ አይደፋ፤ ከሦስተኛው ስኒ በኋላም ካፌይን አለበት። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ወይን፣ ስኳር አልባ ማስቲካ፣ የጠላ አተላ፣ ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥ፦ አንዳቸውም አይሰጡ። ከማስቲካው ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ያወርዳል። እንጀራ ግን መርዝ አይደለም። ችግሩ አብዛኛው ውኃና ስታርች መሆኑ ነው፤ ውሻው ሆዱ ሞልቶ ይራባል።

ከረጢቱ ካልተቻለ

ሙሉ በሙሉ ደረቅ ምግብ መግዛት ካልተቻለ ግማሹን ብቻ መግዛት ምንም ካለመግዛት ይሻላል። ለ20 ኪሎው ውሻ፦ 150 ግራም ደረቅ ምግብ፣ 150 ግራም የተቀቀለ ሥጋ፣ 170 ግራም የተቀቀለ ሩዝ። በሩዙ ፋንታ ወጥ ያልነካው እንጀራ ይሆናል። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመርበት፦ ታጥቦ 10 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ በቡና መፍጫ ዱቄት እስኪሆን ተፈጭቶ። አምስት ግራም፣ ማለትም አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ወደ 1900 ሚሊግራም ካልሲየም አለው። ለዚህ ድብልቅ አንድ ሦስተኛ ማንኪያ፣ ሙሉ በሙሉ ለቤት ምግብ ደግሞ ሦስት አራተኛ ያህል በቀን ይበቃል። ቅርፊቱ ካልሲየምን ብቻ ነው የሚያሟላው። ዚንክ፣ መዳብ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲና ኢ አሁንም ይጎድላሉ። በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮችን መርምረው 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው አግኝተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ በእንስሳት ሐኪሞች የተጻፉም ነበሩ። ለቡችላ በፍጹም በግምት አይሠራ፤ በሥጋና በእንጀራ ብቻ ያደገ ቡችላ እግሩ ይጎብጣል፣ ሲዘልም አጥንቱ ይሰበራል።

ወደ አዲስ ምግብ ሲቀየር በ7 ቀን ነው፦ ሁለት ቀን ሩብ አዲስ፣ ሁለት ቀን ግማሽ፣ ሁለት ቀን ሦስት ሩብ፣ ከዚያ ሙሉው። ከሁዳዴ ወደ ፋሲካም ያው ነው።

ምክር ሲሰጥዎ

ለእያንዳንዱ ምክር ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፦ ለየትኛው ውሻ? ስንት ግራም? መካሪው ምን ይሸጣል?

«ጆሮው እንዲቆም ካልሲየም ስጡት» ለጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ሁልጊዜ የሚሰጥ ምክር ነው። የተሟላ የቡችላ ምግብ ለሚበላ ጎጂ ነው፤ ትንሽ ቡችላ አንጀቱ የበዛውን ካልሲየም የመከልከል አቅም ስለሌለው የእግሩ አጥንት እድገት ይዛባል። ለዚህም ነው ሲያድጉ ከ31.8 ኪሎ በላይ ለሚሆኑ ዝርያዎች የአፍኮ የካልሲየም ጣሪያ ከ2.5 ወደ 1.8 በመቶ ዝቅ የተደረገው። «ጥሬ ሥጋና በርበሬ ኃይለኛ ያደርገዋል» የሚለው ውሻውን ጨጓራውን ከማቃጠልና ሳልሞኔላ ከማስገባት በቀር የሚያደርገው የለም። «ነጭ ሽንኩርት ትል ያስወጣል» የሚለው ከላይ ተመልሷል።

ከውጭ የሚመጣው ፋሽንም ይፈተሽ። «ባይ ፕሮዳክት ያለበት ምግብ ቆሻሻ ነው» ይላሉ፤ ባይ ፕሮዳክት ማለት ጉበት፣ ኩላሊት፣ ጨጓራ ነው። ዱለት የሚወድ ሰው በዚህ መደንገጥ የለበትም። «እህል የሌለበት ይሻላል» የሚለው ደግሞ በ2018 ኤፍዲኤ አተር፣ ምስርና ድንች የበዛባቸውን ምግቦች ከልብ ጡንቻ መስፋት ጋር ያላቸውን ግንኙነት መመርመር ሲጀምር ተቀዛቅዟል። ምርመራው ምክንያቱን ሳያረጋግጥ በታኅሣሥ 2022 መደበኛ መግለጫው ቆሟል። ስለዚህ «እህል አልባው ይገድላል» ማለትም ማጋነን ነው። የእህል አለርጂ ከሌለበት ውሻ እህል የሚነፍጉበት ምክንያት ግን የለም፤ ልቡን ለሚጠራጠሩ ሐኪም ያዳምጠው።

ሻጭ የራሱን ሽያጭ የሚቀንስ ነገር ሲናገር ጆሮ ይስጡት። በ2002 የታተመና በአንድ የውሻ ምግብ ኩባንያ የተሠራ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሎ ከጥንዳቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት ወደ 1.8 ዓመት የበለጠ መኖራቸውን አሳይቷል። «የኔ ውሻ በፍርፋሪ 15 ዓመት ኖረ» የሚለው ግን በሦስት ዓመቱ የሞተውን የጎረቤት ውሻ አይቆጥርም።

ውሻው ከምግብ በኋላ ከታመመ ጨው ውኃ ግተው አያስመልሱት፤ ጨው ራሱ ይመርዘዋል። የተረፈውን ምግብ፣ የከረጢቱን ባች ቁጥር ፎቶና የበላበትን ሰዓት ይዘው ይሂዱ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው ትናንት ከድስቱ ምን እንደተሰጠው ነው፤ አፍረው የሚደብቁት ወጥ ሕክምናውን ያዘገያል።